ቦልድፌሱን በቃሌ ይዣለሁ፤ ቆሜ ስጠየቅ ግን ድርግም ይልብኛል

ጥያቄ፦ አዲስ ክንፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የወታደራዊ አብራሪነት ስልጠና ላይ ነኝ። ገና የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ነን፤ የምንማረው በቲ-6፣ ባለ አንድ ሞተር የማሰልጠኛ አውሮፕላን ነው። ሲስተሙም፣ ኤሮዳይናሚክሱም፣ የአየር ጠባዩም አልከበደኝም። ያስቸገረኝ የአደጋ ጊዜ እርምጃው ነው።

ለማታውቁት ላስረዳ። ማኑዋሉ ውስጥ በደማቅ ፊደል የተጻፉ ጥቂት እርምጃዎች አሉ። ቦልድፌስ እንላቸዋለን። እነዚህን ቼክሊስት ሳንገልጥ፣ ቃል በቃል፣ በቅደም ተከተላቸው ማወቅ ግዴታ ነው። በየጊዜው በጽሑፍ እንፈተናለን፤ ከመቶ መቶ ካልሆነ ማለፍ የለም። በጽሑፉ ችግር የለብኝም። ባዶ ወረቀት ስጡኝ፣ አንዲት ቃል ሳልስት እጽፈዋለሁ።

ጭንቁ ጠዋት ጠዋት ነው። አስተማሪው ፊት ለፊት ይቆምና አንድ ሁኔታ ይሰጣል፦ «ከሜዳው በስተሰሜን ነህ፣ ብቻህን ነህ፣ የእሳት መብራት በራ። አውሮፕላኑ ያንተ ነው።» ከዚያ ስም ይጠራል። የተጠራው ይነሳል፣ ሌላው ዝም ብሎ ያዳምጣል። ካልተወጣው ተቀመጥ ይባላል፤ የዚያን ቀን አይበርም። እኔ ስሜ ሲጠራ የማውቀው ሁሉ ድርግም ይላል። ሦስተኛው እርምጃ ከአንደኛው ቀድሞ አፌ ላይ ይመጣል።

እና ጥያቄዬ፦ የሚያዋጣው ቃሉን መሸምደድ ነው ወይስ ሲስተሙን መረዳት? ቼክሊስቱንስ መቼ ነው የምገልጠው? ማታ ብቻዬን ስሆን እንዴት ልለማመድ? ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ አካፍሉኝ።


መልስ፦ ሁለት ዙር ቀዳሚ

ወንድሜ፣ አታወሳስበው። ሸምድድ። መጀመሪያ ቃሉ እንደ ስምህ ይምጣልህ፣ መረዳቱ ይደርሳል። እኔ ፑሽ አፕ እየሠራሁ ነበር ጮክ ብዬ የምለው። ትንፋሽህ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ካልጠፋህ፣ ክፍል ውስጥም አይጠፋህም። ጓደኛህ የአደጋውን ስም ብቻ ይጥራልህ፤ አንተ እርምጃውን በል። ቅደም ተከተሉን እያዘበራረቀ ይጥራልህ፤ በገጹ ተራ ከለመድከው ጭንቅላትህ ያለፈውን ገጽ ካላየ የሚቀጥለውን አይሰጥህም።


መልስ፦ የቀድሞ አስተማሪ

ልጄ፣ እኔ ይህን የጠዋት ጥያቄ ለዓመታት ከፊት ቆሜ ስጠይቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ከአስተማሪው ወገን ምን እንደሚታይ ልንገርህ።

ከላይ የመለሰልህ ወንድምህ ስለ መሸምደዱ ልክ ነው። ቃሉ ላይ ድርድር የለም። ግን አንተ ቃሉን ይዘኸዋል፤ በጽሑፍ ትደፍነዋለህ። የጎደለህ ሌላ ነው።

ስምህ ሲጠራ አስተማሪው ፍጥነት እየለካ አይምሰልህ። ብዙ ሰልጣኝ ገና ከወንበሩ ተነስቶ ሳይጨርስ ቦልድፌሱን ያንበለብለዋል። እኔ ያን ጊዜ የማስበው አንድ ነገር ነው፦ አውሮፕላኑን ማን እያበረረው ነው? ሦስቱን ደንቦች ታውቃቸዋለህ። አውሮፕላኑን ተቆጣጠር፤ ሁኔታውን መርምረህ ተገቢውን እርምጃ ውሰድ፤ ሁኔታው እንደፈቀደ እረፍ። ሰው ሁሉ ለወግ ያህል ብሏቸው ያልፋል። አንተ ሥራ ስጣቸው። «አውሮፕላኑን እቆጣጠራለሁ» ብለህ አታቁም። «ክንፌን አስተካክላለሁ፣ ከፍታ እይዛለሁ፣ አፍንጫዬን ወደ ሜዳው አዞራለሁ። አሁን ከፍታዬ ስንት ነው? ፍጥነቴስ?» በለኝ።

ጠይቀኝ። ይህን አስምርበት። አስተማሪው እዚያ የቆመው አውሮፕላኑን ሆኖ ነው። ጌጁም፣ መብራቱም፣ ንፋሱም እሱ ጋ ነው። ካልጠየቅከው አይነግርህም። ጥያቄ የሚጠይቅ ሰልጣኝ ሳይ እፎይ እል ነበር፤ ምክንያቱም እውነተኛው ኮክፒት ውስጥም ዓይኑ እንዲሁ ይዞራል። ለአንተም ጥቅም አለው። ቁጥሩን ስትጠይቅና መልሱን ስትሰማ ያ ድርግም ያለው ነገር ይመለስልሃል።

በራስህ ምሳሌ በእሳቱ እንሂድ። የቲ-6 የበረራ ላይ እሳት ቦልድፌስ «እሳቱ ከተረጋገጠ» ብሎ ነው የሚነሳው። ከተረጋገጠ ፒሲኤል (የሞተሩን ኃይል የምትቆጣጠርበት ዘንግ) ኦፍ፤ ከዚያ የፋየርዎሉን እጀታ (ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ነዳጅ የሚዘጋውን) ሳብ። ሁለት እርምጃ ነው፤ ማንም ይይዘዋል። ከባዱ ከፊቱ ያለው «ከተረጋገጠ» የሚለው ነው። ሞተርህ አንድ ነው። መብራት ብቻውን እሳት አይደለም። ከሞተሩ የሚወጣ የጋለ አየር ከቧንቧው ሲያፈተልክም ያ መብራት ሊበራ ይችላል። ስለዚህ ሌላ ምስክር ፈልግ። የተርባይኑ ሙቀት ከልክ አልፏል? ጌጆቹ ይዋዥቃሉ? ኮክፒት ውስጥ ጭስ ወይም ሽታ አለ? ዞር ስትል ከኋላህ ጭስ ይታያል?

አንድ ሰልጣኝ ነበረኝ፤ ቦልድፌሱን እንደ ውሃ የጠጣ። ሲሙሌተር ውስጥ የእሳቱን መብራት አበራሁበት። ዓይኔን ሳልጨፍን ግራ እጁ ፒሲኤሉን ጎትቶ ኦፍ ላይ አደረሰው፤ ቀጠለና እጀታውን ሳበ። ቃሉ ትክክል፣ ቅደም ተከተሉ ትክክል፣ ድምፁም ጥርት ያለ። ሲሙሌተሩን አቆምኩና «የተርባይን ሙቀቱን አየኸው?» አልኩት። ሙቀቱ ደህና ነበር። ጭስም አልሰጠሁትም። ጤነኛ ሞተር አጥፍቶ፣ ሞተር አልባ አውሮፕላን ይዞ ቀረ።

ከዚያ በኋላ አብረን የሠራነው ይህን ነው። እጁ ፒሲኤሉን ይጨብጣል፣ ግን አይስብም። አፉ «ፒሲኤል» ይላል። ዓይኑ ወደ ሙቀቱ ይሄዳል። «እሳቱ ተረጋግጧል» ወይም «አልተረጋገጠም» ይላል፣ ጮክ ብሎ። እጁ የሚንቀሳቀሰው ከዚያ ነው። መጀመሪያ ሲያደርገው የዘገየ መሰለው። ግን ሁሉም ነገር በአንዲት ትንፋሽ ነው የሚያልቀው፤ ያችን ትንፋሽ የማትሰጥህ አደጋ በጣም ጥቂት ናት።

ይህ የጀማሪ ጣጣ ብቻ አይደለም። በ1989 እንግሊዝ ውስጥ ኬግዎርዝ አጠገብ የወደቀው ቦይንግ 737-400 የተበላሸው የግራ ሞተሩ ነበር፤ አብራሪዎቹ ያጠፉት የቀኙን ነው። 47 ሰው ሞተ። በ2015 ታይፔ ላይ የወደቀው ኤቲአር 72ም እንዲሁ ነው። የቀኙ ሞተር ኃይል አጣ፣ የግራው ጠፋ፤ 43 ሰው አለቀ። በሁለቱም ላይ ልምድ ያላቸው ሰዎች ነበሩ፣ እጃቸውም ፈጣን ነበር።

ቼክሊስቱን መቼ ልግለጥ ላልከው፦ ቦልድፌሱ ሲያልቅ ማስታወስ ያበቃል፣ ማንበብ ይጀመራል። ቦልድፌስ ያልሆነውን በቃልህ ልወጣው አትበል። ብታውቀውም አንብበው። ግን አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ፣ ትሪም ተደርጎ (ሳትጫነው ራሱን እንዲይዝ ተስተካክሎ)፣ የምትሄድበትን አውቀህ ይሁን። በታኅሣሥ 1972 ፍሎሪዳ ረግረግ ውስጥ የወደቀውን የኢስተርን 401 በረራ አንብብ። የፊት ጎማው አመልካች አምፖል ተቃጥሎ ነበር። ኮክፒቱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ በእሷ ሲጠመዱ አውቶፓይለቱ ከፍታ መያዙን አቆመ፤ ቀስ እያለ ሲወርድ ያየው የለም። 101 ሰው የሞተበት ነው። ብቻህን ስትሆን ደግሞ የሚያይልህ ሁለተኛ ሰው የለም። አንድ መስመር አንብብ፣ ቀና በል፣ ክንፍህንና ከፍታህን እይ፣ ወደ ሁለተኛው መስመር ተመለስ።


መልስ፦ የሞተር ክፍል

እኔ አብራሪ አይደለሁም፣ ቴክኒሻን ነኝ። ስለ መረዳቱ የተጠየቀውን እኔ ልመልስ፤ እዚህ ላይ «መረዳቱ ይደርሳል» በሚለው አልስማማም። የተረዳኸው ነገር ቅደም ተከተሉ ራሱ ይመጣል።

ለምሳሌ በረራ ላይ ሞተር ሲጠፋ። መጀመሪያ ፍጥነት ካለህ ወደ ከፍታ ትለውጠዋለህ፣ ከዚያ ቢያንስ በ125 ኖት ትንሸራተታለህ። ቀጥሎ ፒሲኤል ኦፍ። የሞተ ሞተር ለምን ይጠፋል? ኦፍ ላይ ስታደርገው ነዳጅ ብቻ አይደለም የሚቋረጠው። ፕሮፔለሩም ፌዘር ያደርጋል፤ ምላጮቹ ዞረው ስለታቸውን ለነፋሱ ይሰጣሉ። እንዲያ ሲሆን የሚጎትትህ ነገር ቀነሰ። ፌዘር ያደረገ ቲ-6 ከያንዳንዱ 1000 ጫማ ከፍታ ወደ 2 ኖቲካል ማይል ይንሸራተታል። ካላደረገ ያን ያህል አታገኝም። አሁን ፒሲኤል ለምን ከሜዳ ፍለጋው እንደሚቀድም ገባህ? መቼም አይጠፋህም።

የፋየርዎሉን እጀታ ደግሞ እይ። ስትስበው ነዳጁን፣ ሃይድሮሊኩንና ከሞተሩ የሚመጣውን የጋለ አየር ይዘጋል። ሃይድሮሊክ ከሌለ ጎማው በተለመደው መንገድ አይወርድም። ስለዚህ የአደጋ ጊዜ የጎማ እጀታ አለህ፤ የራሱ የተጠራቀመ ግፊት አለው። አንዴ በሱ ካወረድከው ግን በረራ ላይ መልሰህ አትሰበስበውም። መቼ እንደምታወርደው የምታስበው በዚህ ምክንያት ነው። ያንን ያወቀ ሰው አስተማሪው «ጎማስ?» ቢለው አይደነግጥም።

ደግሞም አንድ ቀን ቼክሊስቱ ያንተን ሁኔታ ላያውቅ ይችላል። በጥር 2009 ሁድሰን ወንዝ ላይ ያረፈው ኤርባስ ኤ320 ሁለቱም ሞተሮቹ በወፍ የተመቱት 3000 ጫማ ሳይደርስ ነው። የነበራቸው ቼክሊስት የተጻፈው ግን በጣም ከፍ ብሎ ለሚበር አውሮፕላን ነበር፤ ረጅም ጊዜ እንዳለ ታስቦ። ረዳቱ ስካይልስ እያነበበ፣ ካፒቴን ሰለንበርገር ኤፒዩውን (ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ትንሽ ረዳት ሞተር) ወዲያው አስነሳ። ዝርዝሩ ላይ ያ እርምጃ ገና ወደ ታች ነበር። ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ የቀረው፣ አውሮፕላኑም እስከ ውሃው ድረስ በደንብ የታዘዘው በዚህ ነው። 155ቱም ተረፉ። ሰለንበርገር የቀድሞ የኤፍ-4 ተዋጊ ጄት አብራሪ ነው።


መልስ፦ የቀድሞ አስተማሪ

የሞተር ክፍል፣ እጅህ ይባረክ፤ ፌዘሩን እኔ እንዲህ አላስረዳሁትም ነበር። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ኤፒዩውን ያስቀደመው ሰው ለአሥርተ ዓመታት የበረረ ሰው ነው። አዲስ ክንፍ፣ አንተ ቅደም ተከተል አታሻሽል። አሁን እንደተጻፈው ነው።


አዲስ ክንፍ

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። አስተማሪ፣ «ጠይቀኝ» ያሉኝን ዛሬ ማታ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር ሞከርኩት። እውነትም ከጥያቄው በኋላ ቃሉ መጣልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ አንዱን ችግር እየተወጣሁ አስተማሪው ሌላ ይደርብብኛል። ጄኔሬተሩ፣ ከዚያ ሬዲዮው፣ ከዚያ ደመናው። ያን ጊዜ ከየት ልጀምር? ሁለተኛ፣ ኢጀክት የማድረግ (ከነወንበር ተወንጭፎ ከአውሮፕላኑ የመውጣት) ጥያቄ ሲመጣ ክፍሉ በሙሉ ይከፋፈላል። እርስዎ ምን ይመክራሉ?


መልስ፦ የቀድሞ አስተማሪ

ሲደራረብብህ የተበላሸውን መቁጠር ተው፤ የሚሠራውን ቁጠር። ኅዳር 2010 ከሲንጋፖር የተነሳው የካንታስ ኤ380 አንድ ሞተሩ በአየር ላይ ፈንድቶ ስብርባሪው ክንፉን በስቶ አለፈ። የማስጠንቀቂያ መልእክቱ ስክሪኑን ሞላው። አብራሪዎቹ ያን ሁሉ አንድ በአንድ ሲያዩ 50 ደቂቃ ያህል ፈጀባቸው። ካፒቴኑ ዴ ክሬስፒኒ የቀድሞ የአየር ኃይል አብራሪ ነው። አእምሮው ሲሞላበት ነገሩን ገለበጠው፦ ምን ቀረኝ? የትኛው ሞተር አለ? የትኛው ፍሬን ይሠራል? በቀረው ነገር አንድ ቀላል አውሮፕላን በሐሳቡ ሠራና እሱን አበረረ። 469 ሰው ምንም ሳይሆን ወረደ።

ክፍል ውስጥ ስትቆም እንዲህ በል፦ «ሞተሬ ይሠራል። መቆጣጠሪያዬ ይታዘዛል። ነዳጄ ይህን ያህል ነው። ሜዳው ይታየኛል።» አራት ዓረፍተ ነገር ናት። አስተማሪው ሬዲዮህን ቢወስድብህ አውሮፕላኑን አልወሰደብህም።

የኢጀክሽኑን ከእኔ ይልቅ ያደረገው ሰው ቢነግርህ ይሻላል። እዚህ መድረክ ላይ አለች።


መልስ፦ ሰማይ ጠገብ

ጋሼ ጠሩኝ፤ እሺ። ወንድሜ፣ ኢጀክት ያደረግኩበትን ቀን አልተርክልህም። የሚጠቅምህን ብቻ ልንገርህ። ቦልድፌሱ አንድ መስመር ነው፦ እጀታውን ሳብ። ለመሸምደድ ከሁሉም ቀላል ነው፤ ሰው ግን የሚዘገይበት እዚያ ላይ ነው። እጅ አይሰንፍም። የሚዘገየው ውሳኔው ነው። «ትንሽ ብሞክር ይነሳል፣ ትንሽ ብቆይ ይመለሳል» ትላለህ፣ ከፍታው ግን እየሄደ ነው።

ስለዚህ ውሳኔው መሬት ላይ ያልቃል። የእያንዳንዱ አውሮፕላን ማኑዋል ሁለት ከፍታ ይሰጥሃል። አንዱ አውሮፕላኑ እየታዘዘህ ሳለ ነው። ሌላው ከቁጥጥር ውጭ ሲሆን ነው፤ ይሄኛው ከፍ ያለ ነው፣ ምክንያቱም የምትወርድበት ፍጥነት ወንበሩን ጊዜ ያሳጣዋል። እነዚያን ቁጥሮች እንደ ቦልድፌስ ያዛቸው። ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ስትነጋገሩ ጮክ ብለህ ተናገራቸው። «ከዚህ በታች ከቁጥጥር ውጭ ከሆንኩ እወጣለሁ።» አስተማሪው ክፍል ውስጥ ያንን ሁኔታ ሲሰጥህ ክርክር የለብህም፤ ከፍታህን ትጠይቃለህ፣ ከቁጥርህ በታች ከሆነ እጀታውን ሳብኩ ትላለህ። ክፍሉ ይከራከር።

ከተማሪዎች የምሰማው ሌላ ነገር አለ። ቼክሊስት መግለጥ ደካማ የሚያስመስል የሚመስላቸው አሉ። ቼክሊስት የመጣው ከጎበዝ ሰው ሞት በኋላ ነው። ጥቅምት 1935 ራይት ፊልድ ላይ ቦይንግ ሞዴል 299 ለሙከራ ተነሳ። መሪውን የያዘው ሜጀር ፕሎየር ሂል እጅግ የተመሰከረለት የሙከራ አብራሪ ነበር። አውሮፕላኑ ሲቆም ነፋስ መቆጣጠሪያዎቹን እንዳያወዛውዝ የሚይዛቸው ቁልፍ ሳይፈታ ተነሱ። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቀጥ አድርጎ ወጣ፣ ፍጥነት አጣ፣ ወደቀ። ሂልና የቦይንጉ የሙከራ አብራሪ ሞቱ። ከዚያ በኋላ አብራሪዎቹ ተቀምጠው ዝርዝር አወጡ። ያ አውሮፕላን ነው ኋላ ቢ-17 የሆነው። ዛሬም ከመነሳትህ በፊት መሪውን ዙሪያውን አንቀሳቅሰህ «ነፃ ነው፣ ትክክል ነው» የምትለው እርምጃ አለ። እሱን በችኮላ አትለፈው።

የማታ ልምምድህን በተመለከተ፦ የኮክፒቱን ፖስተር ግድግዳ ላይ ለጥፍ፣ ከፊቱ ወንበር አድርግ። ግራ እጅህ ፒሲኤሉ ባለበት ከፍታ ላይ፣ ቀኝ እጅህ ስቲኩ ላይ ይሁን። የምትነካውን ሁሉ በትክክለኛው ቦታ ንካ፤ በአየር ላይ ዝም ብለህ እጅህን አታውዛውዝ። እግርህም ይሥራ። ሰዓትም ክፈት፣ ግን ለመፍጠን አይደለም፤ ከሜዳው ርቀህ ሞተሩ ሲጠፋ ምን ያህል ጊዜ እንዳለህ ለማየት ነው። ያለ ሞተር ለማረፍ ስትዞር የምታልፍባቸው ሁለት ነጥቦች አሉ፦ ሃይ ኪ ከሜዳው በላይ 3000 ጫማ፣ ሎው ኪ 1500 ጫማ፣ በ120 ኖት። ያንን ዙር ወንበር ላይ ሆነህ ከላይ እስከ ታች አብርረው። ሰማይ ላይ ካየኸው በኋላ ደግሞ ያየኸውን ዛፍና መንገድ እየጨመርክበት አብርረው።

እና ጓንትህን አድርግ። ጭንህ ላይ የታሰረውን ቼክሊስት በጓንት መግለጥ ሌላ ሥራ ነው፤ ሁለት ገጽ አብሮ ይገለጣል። የአደጋ ጊዜውን ክፍል ጠርዝ ላይ ምልክት አድርግበት፣ ሳታይ በጣትህ የምታገኘው። ጓደኛህ «ጄኔሬተር» ሲልህ ዓይንህ ፖስተሩ ላይ እንዳለ ትክክለኛውን ገጽ መግለጥ እስክትችል ድረስ ሞክረው።


አዲስ ክንፍ

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጓንቱን አላሰብኩትም ነበር። አስተማሪ፣ ነገ ስሜ ከተጠራ መጀመሪያ ከፍታዬን እጠይቃለሁ።